በግዕዝ ሴቭ የሚያደርግ ኮምፒውተር

ባሕር ዳር ውስጥ መብራት ሲጠፋ የማይደነግጥ አንድ ሰው አምጡ ብትባሉ እኔን ውሰዱኝ። ሌላው ሰው «ሄደች!» እያለ ሻማ ፍለጋ ግድግዳ ሲዳብስ፣ እኔ እግሬን አነባብሬ ፈገግ እላለሁ። ልበ ሙሉ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ሚስቴን ብትጠይቋት ድመት ስትዘል የምበረግግ ሰው ነኝ። ግን ኮምፒውተሬን ከመብራት መጥፋት የማድንበት ዘዴ አለኝ። ዘዴው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ቢያንስ ከዚህ እስከ ዘንዘልማ ሌላ ሰው ሲጠቀምበት አላየሁም። የእኔ ኮምፒውተር ሴቭ የሚያደርገው በግዕዝ ነው።

አባቴ የቁንዝላ ጀልባ ሠሪ ነበር። እንጨት አቅንቶ፣ ቀዳዳ ደፍኖ ጣና ላይ የሚጥል። እኔንም ሚስማር እንድመታለት ነበር ሐሳቡ። እኔ ደግሞ መዶሻ ስይዝ ከሚስማሩ ይልቅ አውራ ጣቴን ስለምመታ፣ «አንተ ልጅ ደረቅ መሬት ላይ ብትውል ይሻልሃል» ብሎ ወደ ከተማ ሰደደኝ። ኮምፒውተር የተማርሁት ከሞቱ ኮምፒውተሮች ነው። መሥሪያ ቤት የጣለውን እየለቀምሁ ሆዱን ከፍቼ፣ ከአንዱ ሳንባ ከሌላው ኩላሊት ወስጄ አንድ ጤነኛ አቆምሁ። እንግሊዝኛ ስለማላውቅ ሁሉንም በመልኩ ነበር የማውቀው። ሴቭ የምትለዋ ምልክት ለረጅም ጊዜ ቁም ሣጥን ትመስለኝ ነበር። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ይቺ እኮ ድሮ ፋይል ይቀመጥባት የነበረች የዲስክ ሥዕል ናት» ብሎ ሲስቅብኝ፣ «ታዲያ ዕቃ ከተቀመጠባት ቁም ሣጥን አይደለችም?» አልሁት።

ሱቄ ከሐይቁ ዳር ትንሽ ገባ ብላ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ተጣብቃ የቆመች ናት። ጽሕፈት፣ ጥገና፣ ፎቶ ኮፒ። የጤፉ ዱቄት በስንጥቁ እየገባ ኪቦርዴ ላይ ስለሚያርፍ፣ እኔ ዘንድ የተጻፈ ማመልከቻ ቢርብህ ይበላል እያሉ ይቀልዱብኛል። የመብራቱ መስመርም የጋራችን ነው። ወፍጮው ሲነሳ የእኔ አምፖል ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል።

እዚህ ላይ ኮምፒውተር ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ስክሪኑ ላይ ስላየኸው ብቻ ተጽፏል ብለህ አትመን። ሚሞሪ ማለት መረብ ነው። ዲስክ ማለት ጀልባው ነው። የምትጽፈው ነገር መጀመሪያ የሚገባው መረቡ ውስጥ ነው፤ ይንፈራገጣል፣ ያብረቀርቃል፣ የያዝኸው ይመስልሃል። ሴቭ ስትል ነው ጀልባው ውስጥ የሚገባው። ሴቭ ሳትል መብራት ከጠፋ መረቡ ተበጠሰ፤ ዓሣህ ተመልሶ ወደ ጣና። ይህን ምሳሌ ራሴ ነኝ የፈጠርሁት። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ እንዲህ አድርጎ ሲያስረዳ ሰምቼ አላውቅም።

መረቡ እንዳይበጠስ መጀመሪያ እንደ ሰው ዩፒኤስ ገዝቼ ነበር። መብራት ሲጠፋ እየጮኸ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ሣጥን። የእኔው መብራት ሲጠፋ «ጢጥ» ይልና ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይሞታል። ለቅሶ ደራሽ ነበር። ስለዚህ የራሴን ሠራሁ። ሁለት ያረጁ የባጃጅ ባትሪዎች፣ የባትሪውን ኃይል ለኮምፒውተር እንዲሆን የሚቀይር አንድ ኢንቨርተር፣ አንድ የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ። ስሙን «ሞተር የሌለው ባጃጅ» አልሁት። ያረጁ ስለሆኑ ብዙ አይቆዩም፤ ሴቭ ብሎ በሥርዓት ለመዝጋት ግን ይበቃሉ። ደንበኛ ሁሉ እያየ አደነቀ። «ሹፌሩ የት አለ?» የሚለኝም ነበር።

አንዲት ጉድለት ብቻ ነበረችው። ከመስመሩ ወደ ባትሪው የሚቀየረው በእጅ ነው። መብራት ሲጠፋ እኔ ዘልዬ ማብሪያውን እስክመታው ኮምፒውተሩ ሞቶ ተገንዟል። ማለት የእኔ ፈጠራ የሚያገለግለው መብራቱ ሊጠፋ መሆኑን አስቀድመህ ካወቅህ ነው። ይህን ለደንበኛ አላነሳም ነበር።

«ላፕቶፕ ለምን አትይዝም?» የሚለኝ አለ። አለኝ። ባትሪው የሞተ ነው፤ ሶኬት ሲነቀል አብሮ ይነቀላል።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው አንዲት መምህርት አባቷን ይዛ የመጣችው። ዘንዘልማ፣ ትናንት እርሻ ከነበረው ላይ አዲስ ቤት ሠርታ የገባች ሴት ናት። አባቷ፣ ሁሉም የኔታ የሚላቸው፣ ጣና ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። ጉሮሯቸውን ሲያማቸው ወደ እሷ አመጣቻቸው። ሐኪሞቹ ጉሮሯቸውን ሊከፍቱ ቀጠሮ ሰጥተዋል፤ ድምፃቸው ከዚያ በኋላ ይመለስ አይመለስ ቃል የገባ የለም። የኔታ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ሲቀኙ አንዲት ቅኔ ጽፈው አላስቀመጡም። ተማሪ የያዛት ተይዛለች፣ ያልያዛት እንደ ሐይቅ ጉም ተናለች። አሁን ከቀጠሯቸው በፊት፣ ድምፃቸው ሳለ፣ በልባቸው ያለውን ሊቀኙና ሊያስጽፉ ፈቀዱ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ራሳቸው አይጽፉም።

ልጃቸው ወደ በሩ ጠጋ አድርጋኝ ችግሩን ነገረችኝ። በስልክ ልትቀዳቸው ሞክራ ነበር፤ ስልኩን ሲያዩ ዝም ይላሉ። እጇ ላይ ያለው ቅጂ ሁሉ ሳል ብቻ ነው።

«ሌላም አለ፣ ወንድሜ» አለችኝ። «አባባ አንዴ ያሉትን ቅኔ አይደግሙም። የድሮ ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ስርቆት ነው፣ ከራስም ቢሆን ይላሉ። ቢለመኑ፣ እግራቸው ላይ ቢወደቅ አይሆንም። የያዝኸው ያዝኸው ነው፤ ያመለጠህ አመለጠ።»

«አይዞሽ እቴ» አልኋት ደረቴን ነፍቼ። «ከእኔ ኮምፒውተር አንዲት ነጥብ ብትጠፋ ስሜን ቀይሪው።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ገቡ፣ ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ፣ የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ። የቁንዝላ ጀልባ ሠሪ ልጅ መሆኔን ነገርኋቸው።

«የዓርብ ነህ የእሑድ?»

«የዓርብ ነኝ፣ የኔታ፤ ሙስሊም ነኝ።»

«ግዕዝ ታውቃለህ?»

«አንዲት ቃል አላውቅም።»

«ደግ ነው» አሉ። «የሚያውቅ ሰው ሊያርመኝ ይቃጣዋል። አንተ የሰማኸውን ትጽፋለህ።» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሜ ጀልበኛው ሆነ።

ጀመርን። እሳቸው አገጫቸውን መቋሚያው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ቃል ይላሉ፤ እኔ በሁለት ጣቴ ፊደሎቹን ኪቦርዱ ላይ አድናቸዋለሁ። አንድ ሀ ስጽፍ፣ በምን እንዳወቁ እንጃ፣ «የትኛውን ሀ ጻፍህ?» አሉኝ።

«ያው ሀን ነዋ። አንድ ሀ ለሁሉም አይበቃም፣ የኔታ?»

«ሐመሩን ሐ ነው የምትጽፈው። ሐመር ማለት ጀልባ ነው። አንተ የአባትህን ፊደል እንኳ አታውቅም?»

እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ለካ እኛ ቤት የራሷ ፊደል አላት! ከዚያ ቀን ወዲህ ሐመሩን ሐ ከቤተሰቤ ቆጥሬ የማይገባት ቦታ ሁሉ እጽፋታለሁ። የሰው ማመልከቻ ላይ ሳይቀር።

ያን ረፋድ የኔታ እንደ ምንጭ ፈሰሱ። አጭሩን ጉባኤ ቃና አሉ፣ ረዘም ያለውን አሉ፣ እኔም ቃል በቃል ተከተልኋቸው። ሴቭ አላልሁም። በደንበኛ ፊት በየመስመሩ ሴቭ ሴቭ ማለት ፈሪ ያስመስላል የሚል እምነት ነበረኝ። አጥማጅ አንዲት ዓሣ በገባች ቁጥር መረቡን አይጎትትም ብዬ። ወዲያው መብራት ሄደ። ዘልዬ ማብሪያውን መታሁት፣ ሞተር የሌለው ባጃጄ እዝዝ ብሎ ተነሳ፣ ኮምፒውተሩም ተነሳ። ባዶውን።

«ምን ይላል?» አሉ የኔታ።

«እንደ አዲስ እንጀምር ይላል።»

ይድገሙልኝ ብዬ ለመንኋቸው። አባቴን አነሳሁ፣ ሐመሩን ሐ አነሳሁ። አልሆነም። ያ ለጨለማው የተሰጠ ነው፣ ይውሰደው፤ አንተ አዲስ ጻፍ አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ልትወስዳቸው መጥታ ባዶውን ስክሪን አየች፣ እኔን አየች፣ አባቷን ደግፋ አስነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ስምህን ማን ልበልህ?» አለችኝ።

የዚያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ይህ ከሠርጌ ቀን ወዲህ ሆኖ አያውቅም።

በማግስቱ በእያንዳንዱ መስመር ሴቭ ላደርግ ወስኜ ጠበቅኋቸው። ይህን ብቻ ባደርግ በቂ ነበር የሚል ይኖራል። ግን መብራቱ የጀመርኸው መስመር እስኪያልቅ ይጠብቃል? ደግሞ ያ አሮጌ ኮምፒውተሬ መብራት በድንገት በጠፋበት ቁጥር ሲነሳ ይታመማል፤ አንዳንዴ ፋይሉን ከነ ሴቩ የሚበላበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መጥፊያውን ቀድሞ የሚነግረኝ ያስፈልገኝ ነበር። እሱን ያገኙት የኔታ ናቸው፤ ይህን ለማንም አልነግርም ነበር፣ ለእናንተ ግን ይሁን።

እየተቀኙ ሳሉ አቋረጡና ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው ጣል አድርገው፣ «ወረደ» አሉ።

«ምኑ?»

«ወፍጮው። በዓራራይ ነበር ሲፈጭ የቆየው፤ አሁን ወደ ግዕዝ ወረደ።»

ዓራራይና ግዕዝ የቤተ ክርስቲያን የዜማ ዓይነቶች ናቸው፤ ዓራራዩ ቀጭንና ከፍ ያለ፣ ግዕዙ ወፈር ብሎ ዝቅ ያለ። እሱን እያስረዱኝ ሳሉ መብራት ጠፋ። እንደ መጣም ብዙ ሳይቆዩ እንደገና «ወረደ» አሉ፤ እንደገና ጠፋ። ያኔ ገባኝ። መብራቱ ከመሄዱ በፊት ይደክማል፤ ሲደክም የወፍጮው ሞተር አብሮ ይደክማል፤ ሲደክም ድምፁ ይወፍራል። እኔ ያን ወፍጮ ስንት ዓመት ሙሉ ጎኑ ተቀምጬ ጩኸት ነበር የሚመስለኝ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ቀጥ ብሎ የሚጠፋበት ቀን አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይናገራል።

ቀጥሎ «ወረደ» ሲሉ ሴቭ አልሁ፣ ማብሪያውን መታሁ፣ ከዚያ መብራቱ ሄደ። የእኔ ስክሪን በርቶ ቀረ። መንገዱ ሁሉ ጨልሞ የእኔ ሱቅ ብቻ እንደ ሙሽራ ቤት ሲያበራ፣ ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ሰው እንዲያየኝ አደረግሁ።

የኔታ ያን ሁሉ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ቶሎ ብዬ የምነካካው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሴቭ እያደረግሁ ነው አልኋቸው። ሴቭ ምን ማለት ነው አሉ። ማዳን ማለት ነው አልሁ፤ የመረቡንና የጀልባውን ምሳሌም አስረዳኋቸው። አገጫቸውን ከመቋሚያው አነሱ።

«ታዲያ በሰው አገር ቋንቋ ለምን ታድነዋለህ? አድኅን አትልም?»

ከዚያ በኋላ ሥራችን መልክ ያዘ። አንድ መስመር ይቀኙና በመጨረሻ «አድኅን» ይላሉ፤ እኔ ሁለቱን ቁልፎች እጫናለሁ። ወፍጮው ሲደክም «ወረደ» ይላሉ፤ ማብሪያውን እመታለሁ። እሳቸው ጆሮ፣ እኔ እጅ። ዩፒኤስ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቢያዩ ያፍሩ ነበር።

ችግር የፈጠረችብን የወፍጮ ቤቷ ባለቤት ብቻ ናት። እኔ እትዬ የምላት፣ ክንዷ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና የሆነ ሴት ናት። አንድ ቀን ከእግር እስከ ራሷ በዱቄት ነጭታ በሬ ላይ ቆመች።

«ማነው ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ወፍጮዬን ወረደ ወረደ እያለ የሚያዋርደው?» አለች።

የኔታን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች። የወፍጮዋ ድምፅ የቅኔ መጽሐፍ እየጠበቀ መሆኑን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችም። በኋላ ግን ኮራች። ለገበያተኛ ሁሉ «ቀስ በሉ፣ የኔታ የእኔን ዜማ እያዳመጡ ነው» ማለት ጀመረች።

እንዲህ ሆነን ቀጠሮው ደረሰ። ልጃቸው ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ልታስገባቸው ነው። ጠዋት የቀረችን አንዲት ቅኔ ናት፤ መወድስ። ከቅኔዎቹ ሁሉ ረጅሟ ናት አሉ። የኔታ እሷን ለዕድሜያቸው መደምደሚያ ነበር ያቆዩት። ሱቄን ከፍቼ ወንበራቸውን አሰናዳሁና አንድ ነገር ጎደለኝ። ጆሮዬን ወደ ግድግዳው ብሰጥ ጭጭ።

የማርያም ቀን ነበር። በማርያም ደግሞ ወፍጮ አይፈጭም።

ሮጬ እትዬ ዘንድ ሄድሁ። እህል ሳይገባበት ባዶውን እንድታዞርልኝ ጠየቅኋት። «በማርያም ቀን? ድንጋዩም እኮ ያርፋል!» አለች። ለየኔታ ነው አልኋት። ለየኔታ ከሆነማ ጭራሽ እሳቸው ራሳቸው ይገዝቱኛል አለች። ተመልሼ የኔታን፣ እርስዎስ ዛሬ በበዓል ቀን እንዴት ያስጽፋሉ ብዬ ብጠይቃቸው ምን አሉኝ?

«ለአንተ በዓል አይደለም፤ ለእኔ ቅኔ ሥራ አይደለም። ጻፍ።»

ብልህ ሰው ግን በአንድ ወፍጮ አይታሰርም። የሚስቴ ወንድም ባጃጅ ነጂ ነው። ጠራሁት። እውነተኛዋን፣ ሞተር ያላትን ባጃጅ በሬ ላይ አስቁሜ፣ ከባትሪዋ ሁለት ሽቦ በመስኮት አስገብቼ ኢንቨርተሩ ላይ ሰካሁ። የሱቁን መስመር ከኮምፒውተሩ ነቀልሁት። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ይሞላል፣ ባትሪው እየሞላ ኮምፒውተሩ ይሠራል። መብራት ቢፈልግ ይሂድ፣ ቢፈልግ ይምጣ፤ አያገባኝም። ሰው በሩ ላይ ተሰብስቦ አየ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ አስረዳሁ፤ የባጃጁ ጩኸት ስለነበር ደግሞ የበለጠ ከፍ አደረግሁ።

«ይህስ በየትኛው ዜማ ነው፣ የኔታ?» አልኋቸው።

«ይህ ዜማ አይደለም፤ ጠብ ነው» አሉና ጀመሩ።

መወድስ እንደሌላው በየመስመሩ አትቆረጥም፤ ሄዳ ሄዳ መጨረሻዋ ላይ ነው የምትፈታው አሉኝ። ስለዚህ እስክታልቅ አድኅን አልተባለም። እኔስ? በሬ ላይ ባጃጅ ቆማ እየጮኸች ማን ሴቭ ያደርጋል? እንደ ንጉሥ ተዝናንቼ ጻፍሁ። የኔታ ድምፃቸው እየተሰነጠቀ፣ አንዳንዴ ለመዋጥ እየቆሙ፣ ፊታቸው ግን እንደ ልጅ ፊት እያበራ ሄዱ። ልጃቸው መጥታ ቦርሳዋን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስን። የኔታ ሊዘጉት አፋቸውን ሲከፍቱ ባጃጇ ሁለቴ አሳለችና ዝም አለች።

የእሷም ባትሪ ያረጀ ኖሮ ስክሪኑ አብሮ ጠፋ።

ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁት። ቦግ ብሎ በርቷል። ያን ቀን መብራቱ ከጠዋት እስከ ማታ አንዴም አልጠፋም። በባሕር ዳር ታሪክ መብራት እያለ መብራት የጠፋበት ብቸኛው ኮምፒውተር የእኔ ነው።

የሚስቴን ወንድም አየሁት። ጎማውን እያየ፣ ትናንት ቤንዚን ሰልፍ ውሎ ሳይደርሰው እንደ ቀረ፣ ግን ይበቃል ብሎ እንዳሰበ ነገረኝ። ልመታው እጄን ባነሳም፣ እሱ አንድ ኮምፒውተር ቢያጠፋ እኔ አንድ መወድስ ማጥፋቴ ትዝ ሲለኝ አወረድሁት። ልጃቸው ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ መጣ።

«አባባ፣ ይቺን ብቻ» አለች። «ነገ እኮ ድምፅዎን አላውቀውም። ይቺን አንዲቷን ይድገሟት።»

የኔታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ቅኔ አይደገምም የሚሏትን ቃል እየጠበቅሁ አንገቴን ደፋሁ።

«አንተ ጀልበኛ» አሉ። «ያ የመረቡ ነገር እንዴት ነበር ያልኸኝ?»

«ሴቭ ያልተባለ ነገር መረብ ውስጥ ነው ያለው፣ የኔታ። ጀልባ ውስጥ አልገባም።»

«ጀልባ ውስጥ ያልገባ ዓሣ ተይዟል?»

«አልተያዘም።»

«አድኅን ብያለሁ?»

«አላሉም።»

«እንግዲያው ይህች ቅኔ ገና አልተባለችማ። ያልተባለ ነገር ደግሞ እንዴት ይደገማል?» ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። «ያን ጩኸታም ነገር ከበሩ ላይ አንሱልኝና መስመሩን ስካው። ጻፍ።»

ሰካሁ። ጻፍሁ። መወድሷን ከራስ እስከ እግር አሏት፤ በየመሐሉ በጣቴ ሳላስታውቅ ሴቭ አደርግ ነበር፣ ፈሪ ብትሉኝ አልክድም። ሲጨርሱ «አድኅን» አሉ። እኔም «አድኅን» አልሁ፣ ልጃቸውም አለች፣ የባጃጅ ነጂውም በመስኮት አለ፤ እትዬም ዝምታው አሳስቧት መጥታ ስለነበር ምን እንደሆነ ሳታውቅ «አሜን» አለች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እኔ ራሴን የማደንቀው። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ይዘጋ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር በጭንቅላቴ ብልጭ አለልኝ።

«የኔታ፣ የመጀመሪያው ቀን የጠፉትስ?»

«ምን ሆኑ?»

«ያኔም እኮ አድኅን አልተባለም።»

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ በደንብ ሲያዩኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳል መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ሳቅ ነው። የጀልባ ሠሪ ልጅ በገዛ ገመዴ አሰረኝ እያሉ እስኪያስላቸው ሳቁ። ልጃቸው ሰዓቷን አየች፣ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። የኔታም ያን የመጀመሪያ ረፋድ ለጨለማው ሰጠሁት ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ መለሱት። አንዲት ቃል አልረሱም ነበር።

ጉሮሯቸው ተከፈተ፣ ዳነ። ድምፃቸውም ተመለሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የመጀመሪያ ቀን ሱቄ ሲመጡ፣ የታተመውን ይዤ ቆሜ እንዴት ሆኑ አልኋቸው። በወፍራም፣ በተቀደደ ድምፅ፣ «ወረደ» አሉኝ። ጉሮሯቸውን ዳሰሱና፣ «ዓራራዩ ሄዷል፤ ግዕዙ አለ። ግን አልጠፋም።» ቅጂዎቹን ተማሪዎቻቸው በጀልባ እየመጡ ወስደው ጨረሱ። ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ለመናገር ሲደክማቸው ወፍጮው ሲወርድ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፤ እኔ እዘላለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። መጽሐፉ ሲታተም ልጃቸው እያነበበች ትስቅ ነበር። ለካ የኔታ የመጀመሪያው ቀን የጠፉትን ሲመልሱ፣ በእኔ ላይ የተቀኙትን አንዲት አዲስ ቅኔ በመሐል ጨምረዋል። ሐመሩን ሐ ይዛለች፣ መረብ ይዛለች፣ ጨለማም አለባት። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ላይ ላዩን የሚባለው ሰም፣ ውስጡ የተደበቀው ወርቅ። የእኔዋ በሰሟ፣ በሐይቅ ላይ ብርሃን የሚያጠምድ ጎበዝ ጀልበኛ ትላለች አሉኝ። ወርቋን ስጠይቅ የኔታ ወደ ጣሪያ አዩ፣ ልጃቸው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አልገፋሁም። ሰሟን በትልቁ ፊደል አትሜ፣ ፍሬም ሠርቼላት ከሞተር ከሌለው ባጃጄ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅያታለሁ። ወርቁን የፈለገ ግዕዝ ተምሮ ይምጣ።